ጎጃም በራስ ሥዕለ ክርስቶስ ዘመን፤ ሃይማኖት በአዋጅ ሲገባና በአዋጅ ሲወጣ

ስለ አጼ ሱስንዮስ ዘመን ጎጃም ውስጥ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ፈረንጆች መጡ፣ ንጉሡን አሳቱት፣ ሕዝቡ ስለ ተዋሕዶ ተሠዋ፣ ንጉሡም ምላሱ ተጎልጉሎ ተቀጣ፤ ከዚያ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለና ነገሩ አለቀ። ሕዝቡ መሠዋቱ እውነት ነው። የቀረው ትረካ ግን ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። የዳሞትን ገበሬና መነኩሴ የገደለው ማን ነው? በማን ትእዛዝ? ነገሩ በ1632 ካለቀስ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰቀሉት፣ የተሰደዱት፣ መጽሐፋቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በየትኛው ታሪክ ይግቡ?

እኔ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው በእናቴ ቤት ላይ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። በክርስትና ስም ስለ ተሠራ ግፍ ሲነሳ የመስቀል ጦርነትንና የስፔንን የሃይማኖት ችሎት እንጠራለን፤ ዓባይ በሚከበው አገራችን የሆነውን ግን ወይ በገድል መልክ ብቻ እንሰማዋለን ወይ እንተወዋለን። ይህ ለሞቱት ፍትሕ አይሆንም። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ለማስላት ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ይበቃል።

ከጎል እስከ ግሽ ዓባይ

ሱስንዮስ ዙፋኑን ያጸናው ጎጃም ላይ ነው። በመጋቢት 1607 ጎል በተባለው ቦታ ከአጼ ያዕቆብ ጋር ገጥሞ ድል አደረገ። ያዕቆብ ወደቀ፤ ከእርሱ ጋር ከእስክንድርያ የተላኩት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሞቱ። ጳጳስ በጦር ሜዳ ምን ያደርጋል? መልሱ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። በ1604 አጼ ዘድንግል ወደ ሮማ ሃይማኖት አዘነበለ ሲባል አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት በገዛ መኳንንቱ ጦር ተገደለ። እንግዲህ ውግዘት ከጦር ጋር ተጣምሮ መሥራት የጀመረው ሱስንዮስ ከመንገሡ በፊት ነው፤ የጀመረውም በእኛው በኩል ነው።

በዚያው ዘመን ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ወደሚገኘው የጀስዊቶች፣ ማለት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት፣ ጣቢያ ደረሰ፤ ዓመቱ 1603 ነው። ፓኤዝ ግእዙንም አማርኛውንም አጥንቷል፤ የአገሩን ሥርዓት አክብሮ በመኖር ንጉሡንም መኳንንቱንም ማረከ። ሱስንዮስ በበኩሉ የሚፈልገው ነገር ነበረው። ሽፍታው ብዙ፣ ዙፋኑ አዲስ ነው፤ ለስፔንና ለፖርቱጋል ንጉሥና ለሮማው ፓፓ በላካቸው ደብዳቤዎች ወታደር ለምኗል። ሃይማኖትና የጦር እርዳታ ከመጀመሪያው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ሰፈር ጋር ሰከላ ድረስ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። ይህ ጉዞ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ዛሬም ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ሰፈር በጎጃም ምን ይሠራ እንደነበር ነው። ዘመኑ የማያቋርጥ ዘመቻ ዘመን ነው፤ በአገው ምድርና በጉሙዝ ምድር ከብት ይዘረፋል፣ ሰው ይማረካል፣ የተማረከው ባሪያ ይሆናል፣ የገበረው ይጠመቃል። ንጉሡ ገና ተዋሕዶ ሳለ በሰሜን የቤተ እስራኤልን ሕዝብ ፈጅቶ የተረፈውን ተጠመቅ ብሎ አስገድዷል። ሰይፍ ይዞ ማጥመቅን ከሮማ መነኮሳት አልተማረውም፤ ለምዶት ነው የጠበቃቸው።

የጎጃምና የዳሞት ገዥ የንጉሡ የእናቱ ልጅ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበር። ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት የገባው ከወንድሙ ቀድሞ ነው። እምነቱ የምር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ለመነኮሳቱ ጎጃም ውስጥ ቦታ ሰጠ፤ ቆለላ የተባለው የሚሲዮን ጣቢያ በእርሱ ጥላ ሥር የበቀለ ነው። አሳሳቢው ይህ ሰው ከእምነቱ ጋር ጦርም፣ ፍርድም፣ መሬት የመስጠትና የመንቀል ሥልጣንም በአንድ እጅ መያዙ ነው። ለሥዕለ ክርስቶስ እምቢ ማለት ለገዥው እምቢ ማለት ነው፤ ለገዥው እምቢ ማለት ደግሞ ሸፍቶ መሞት ነው።

ዳሞት

ሁለተኛው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በ1617 ሞቱ። ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ነው የሚለውን የሮማ ትምህርት አወገዙ፤ ውግዘቱን ተከትሎ የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ አቡኑ ከሸፋቹ ጋር ወጡ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ተገደሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጳጳሳት በኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ጦር ወደቁ ማለት ነው። የተገደሉት አቡን ልብሰ ጳጳስ ለምርኮ እንደ ተወሰደ የሚነግረን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጦር ጋር ዘምቶ ነበር፤ የአቡኑን ልብስ ይዞ ከመጣ ሰው ጋር አልኖርም ብላ ትዳሯን ትታ መነኮሰች። (ይህ መልክአ ክርስቶስ ኋላ ላስታ ላይ ከሚነሳው መልክአ ክርስቶስ ጋር ስም እንጂ ሌላ አይገናኝም።)

ከዚያ የቅዳሜ ነገር መጣ። በ1620 ንጉሡ ቅዳሜን እንደ ሰንበት ማክበር ይቅር ብሎ አወጀ፤ በዕለቱ ሥራ እንዲሠራ ታዘዘ። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ጎጃም ውስጥ ግን ቅዳሜ ተራ ቀን አይደለችም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ሁለቱን ሰንበት እናክብር በማለታቸው በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ተወግዘው፣ ክህነት ተነፍገው፣ ከደብር ደብር ተባረዋል፤ ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው በ1352 በአርመን አገር በስደት አርፈዋል። ቅዳሜ በይፋ የተፈቀደላቸው አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲያስታርቃቸው ነው። ከዓባይ ወዲህ ያሉ ብዙ ገዳማት የዚህ ቤት ተወላጆች ናቸው። አያቶቻቸው መቶ ዓመት የተሰደዱላትን ቀን በአንድ አዋጅ ጣሉ ሲባሉ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ትልቅ ምርምር አያሻም።

ዳሞት ተነሳ። የዳሞት ሕዝብ ያኔ ከዓባይ ማዶ፣ ከደቡብ፣ በጦርነት ተገፍቶ ተሻግሮ ዛሬ ስሙን ይዞ በቀረው በምዕራብ ጎጃም ምድር ከሰፈረ ብዙ አልቆየም። አገሩን አንዴ ያጣ ሕዝብ ነው፤ ይዞት የተሻገረው ታቦቱንና ሥርዓቱን ነው። ከገበሬው ጋር መነኮሳት ጋሻና ጦር ይዘው ተሰለፉ። ሥዕለ ክርስቶስ ዘመተባቸውና ድል አደረጋቸው። ከሞቱት ውስጥ መነኮሳት እንደነበሩ የጻፉት የገዥው ወዳጆች፣ የሚሲዮኑ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በጠላት የተፈጠረ ክስ ነው ብሎ መጣል አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል እንዳለ መቀበል አልቻልኩም። ብዙ ጸሐፊዎች ፓኤዝን ኋላ የካቶሊክ ፓትርያርክ ሆኖ ከመጣው ከሜንዴዝ ጋር እያነጻጸሩ «ፓኤዝ ደጉ፣ ሜንዴዝ ክፉው» ብለው ይከፍሉታል፤ ፓኤዝ በዘዴ ያቆመውን ሜንዴዝ በግትርነቱ አፈረሰው ይላሉ። የጠባይ ልዩነታቸው እውነት ነው። ፓኤዝ ቀስ በቀስ ይሁን ይል ነበር። ግን ቀኖቹን ደርድረን እንያቸው። አቡነ ስምዖን የሞቱት በ1617 ነው። የቅዳሜ አዋጅ በ1620 ወጣ፤ የዳሞትም ደም የፈሰሰው በዚሁ ተከትሎ ነው። ፓኤዝ በግንቦት 1622 ጎርጎራ ላይ ሲያርፍ ይህ ሁሉ ሆኖ አልቋል፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀብሏል። አፎንሶ ሜንዴዝ ኢትዮጵያ የገባው ገና በ1625 ነው። የዳሞትን ሙታን በሜንዴዝ ሒሳብ መጻፍ ለፓኤዝም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሥዕለ ክርስቶስና ለሱስንዮስ፣ ነፃ መውጫ ይሆናል።

የደንቀዙ ሰይፍ

የካቲት 11 ቀን 1626 በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ሱስንዮስ በፓትርያርኩ በሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮማው ፓፓ መገዛቱን በወንጌል ማለ። ልጁ ፋሲለደስ ማለ፤ መኳንንቱና ካህናቱ ተከተሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ተራው ሲደርስ ጎራዴውን መዘዘ፤ ያለፈው አልፏል፣ ከእንግዲህ ግዴታውን የማይፈጽመውን ግን ይህ ሰይፍ ይፈርድበታል ብሎ ተናገረ። ነገሩን በአድናቆት የመዘገቡት የሚሲዮኑ ሰዎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ በወንጌል ፊት፣ ሰይፍ ተመዝዞ ፓትርያርኩ ተው እንዳላለ ልብ ይሏል።

የተከተለው የሥርዓት ለውጥ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ዳግመኛ ጥምቀት፣ ዳግመኛ ክህነት፣ የአብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ ቡራኬ፣ የግዝረት ክልከላ፣ የአጽዋማትና የበዓላት አቆጣጠር ወደ ሮማ መዞር፣ የሮማ ቅዳሴ በግእዝ ተተርጉሞ መግባት። ሊቃውንቱ ስለ ባሕርይ ሲከራከሩ ገበሬው ሊያልፈው ይችል ነበር። ይህኛውን ግን አያልፈውም፤ ቤቱ ገብቷልና።

ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ የገጠር ቄስ አስቡ። አባቱም ቄስ ነበር። ዲቁና የተቀበለው ልጅ ሳለ ጳጳሱ ዘንድ ብዙ ቀን ተጉዞ ነው፤ ዜማውን፣ ቅዳሴውን፣ ከቻለም ቅኔውን በቆሎ ትምህርት ቤት ለፍቶ ተምሯል። አሁን ክህነትህ ክህነት አልነበረም ተባለ። በዚህ አንድ ቃል ስንት ነገር እንደሚናድ ቁጠሩ። ክህነት ካልነበረው ያጠመቃቸው ሕፃናት አልተጠመቁም። በቁርባን ያጋባቸው ባልና ሚስት ጋብቻቸው ምንድን ነው? ፍትሐት አድርጎ የቀበራቸው፣ ንስሐቸውን የሰማቸው፣ የነፍስ ልጆቼ የሚላቸው ሁሉ እንዴት ይሆናሉ? የሞቱት ወላጆችስ? ዳግመኛ ጥምቀት ለሜንዴዝ የጥንቃቄ ሥርዓት ነበር፤ ምናልባት የቀድሞው ጎደሎ ከሆነ ብሎ ነው። ለሰሚው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እናትህ አረመኔ ሆና ሞታለች ማለት ነው። ይህን ቃል በሰላም የሚሰማ ልጅ በየትም አገር ያለ አይመስለኝም። ቄሱ ደግሞ ኑሮውም በክህነቱ ላይ የቆመ ነው። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መሬት ነው፤ አገልግሎቱ ሲሻር መሬቱም ይሻራል።

ሙታንም አልቀሩም። ከደብረ ሊባኖስ ወገን የሆኑት እጨጌ ሲያርፉ በሮማ ሥርዓት ዳግም በተባረከች ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ መናፍቅ ተቀብሮባት ረከሰች ተብሎ አስከሬናቸው ተቆፍሮ ወጣ። የሆነው ከጎጃም ውጭ ነው፤ ወሬው ግን ዓባይን ለመሻገር ድልድይ አልጠበቀም።

ዐመፅ በየአቅጣጫው ነደደ። በ1628 የትግራዩ ገዥ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የንጉሡ አማች፣ ሸፍቶ ተሰቀለ። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሳ። ጎጃም ውስጥ ራሱ ሥዕለ ክርስቶስ ዙፋን ይመኛል ተብሎ ከወንድሙ ጋር ተቃቃረና ከሹመቱ ወረደ፤ በእግሩ የተተካው ገዥም ሸፍቶ ፋሲለደስን ላንግሥ አለ፤ ፋሲለደስ ግን አባቱን አልከዳም፣ ወግቶ ያዘው፤ ሰውየውም ተገደለ። በሰኔ 1632 የንጉሡ ጦር ከላስታው ጦር ጋር ገጠመ። ወደ 8,000 ሰው እንደ ረገፈ ተጽፏል። ከድሉ በኋላ ልጁና መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሜዳው ወስደው ሬሳውን አሳዩት፤ እነዚህ እስላምም አረመኔም አይደሉም፣ ክርስቲያን የሆኑ የራስህ ሰዎች፣ ከፊሎቹም ዘመዶቻችን ናቸው፤ ይህ ድል አይደለም አሉት። በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ወጣ። ሱስንዮስ ሥልጣኑን ለፋሲለደስ ለቆ በመስከረም አረፈ፤ አዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። የምላሱን መጎልጎል ትውፊቱ ይናገራል። ለእኔ ግን ከምላሱ ይልቅ ያ ሜዳ ይበልጣል፤ ንጉሡ ወደ ኋላ የተመለሰው ገዳዮቹ የገደሉትን ሰው ፊት አይተው ዘመዳቸው መሆኑን ሲያውቁ ነው።

ከ1632 ወዲህ

የእኛ ትረካ እዚህ ላይ ያቆማል። የኢትዮጵያ በጎች ከምዕራብ ጅቦች አመለጡ የሚል መዝሙር ተዘመረ፤ ደስታው ይገባኛል። ግን አዋጁ እንደ ገባ በአዋጅ ወጣ እንጂ ሃይማኖት በአዋጅ መሆኑ አልቀረም። ሜንዴዝና መነኮሳቱ በ1633 ወደ ፍሬሞና ተገፉ፣ በቀጣዩ ዓመት ከአገር ወጡ። ሥዕለ ክርስቶስ አልመለስም ብሎ በግዞት ኖረ፤ መጨረሻው መገደል ሆነ። በዳሞት የሠራውን ሳልሸፍን ይህንንም እላለሁ፤ ይህ ሰው በመጨረሻ ሰዓቱ የቆመው የዳሞት መነኮሳት በቆሙበት ቦታ ነው፤ ተው ተብሎ ያመነውን አልተውም በማለት። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጡ ሁለት መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ፤ ጦር አልያዙም፣ ርስት አልነቀሉም። ተደብቀው የቀሩት ጀስዊቶችም በየተራ ተገደሉ። ፋሲለደስ ከቀይ ባሕር ዳር የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተዋውሎ የሚመጡ የሮማ ካህናት ከባሕሩ እንዳያልፉ፣ ያለፉም እንዲገደሉ አደረገ።

በ1665 የካቶሊክ መጻሕፍት ተሰብስበው ተቃጠሉ። በ1668 የአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ከፖርቱጋሎች የተወለዱትን ወይ ተዋሕዶን ተቀበሉ ወይ ከአገር ውጡ አላቸው፤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው ለብቻቸው ይስፈሩ ተባለ። ፖርቱጋሎቹ የማን ልጆች ናቸው? በ1541 ከክሪስቶቫው ደ ጋማ ጋር መጥተው ከግራኝ ጦር ጋር ተዋግተው የሞቱትና እዚሁ አግብተው የቀሩት አራት መቶ የሚያህሉ ወታደሮች ዘሮች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ ሰዎች ወደ ስናር ተሰደዱ።

ማን ጻፈው

የዚህ ዘመን ምንጮች ሦስት ወገን ናቸው፤ ሦስቱም ዓይናቸው አንድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል። የንጉሡን ዜና መዋዕል ከጻፉት አንዱ አዛዥ ጢኖ ተክለ ሥላሴ ካቶሊክ ነበር፤ ኋላ በፋሲለደስ ዘመን ሕይወቱን ከፍሏል። የጀስዊቶቹ የፓኤዝ፣ የአልሜይዳ፣ የሎቦና የሜንዴዝ ጽሑፎች ለአውሮፓ አለቆቻቸው የተላኩ ናቸው፤ ስለ ተጠመቀው ብዛት በሰፊው ይተርካሉ፣ ስለ ተገደደው ግን እጅግ በቁጥብነት። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የተጻፈው በ1672፣ ቅድስቲቱ በ1642 ካረፈች ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ የተሰደዱትን ሴቶችና መነኮሳት ድምፅ ከማንም በላይ ያሰማል፣ ስለ ሌላው ወገን ሞት ግን አንድ የሐዘን ቃል የለውም። የዳሞት ገበሬ ምንም አልጻፈም። በሦስቱም ውስጥ የሚታየው ሲሞት ብቻ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሳነብ ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ያሸነፈ ወገን ሁሉ እግዚአብሔር በእኔ እጅ ፈረደ ብሏል። ሥዕለ ክርስቶስ ዳሞትን ሲመታ ብሎታል፣ ፋሲለደስ ሲሰቅል ብሎታል። ቤተ ክርስቲያን፣ የሮማዋም የእስክንድርያዋም፣ ንጉሡ ለእርሷ ሲመታ ተው ያለችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከበደሉ ውስጥ የእርሷ ድርሻ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጦሩ የቤተ መንግሥት ነው። ቡራኬው ግን የእርሷ ነበር።

መርጡለ ማርያምና ደብረ ወርቅ

በእነብሴ ሳር ምድር በመርጡለ ማርያም የሚታየው የድንጋይ ፍርስራሽ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን መጀመሪያ ያሠራቻት ንግሥት እሌኒ ናት፤ ጎጃም ርስቷ ነበር፤ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችውም እርሷ ናት። በግራኝ ጊዜ ከጠፋች በኋላ በሱስንዮስ ዘመን ጀስዊቶች መልሰው ሠሯት፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ ዛሬም ያምራል። ያ ውበት የማን ነው የሚለው ጥል አይታየኝም። የጠረቡት እጆች የአገሬው ጠራቢዎችም ናቸውና።

ከፍርስራሹ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቆስለው ሌላ ቅሪት ነው። ጀስዊቶቹ ሊቃውንቱን ከጠየቋቸው አንዱ፣ ክርስቶስ በተዋሕዶ አንድ ከሆነ «በመንፈስ ቅዱስ ቀባው» የሚለው ቃል ምን ይሠራል የሚል ነበር። መልስ ሲፈለግ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተለያዩ። ተዋሕዶዎች ወልድ ራሱ ቀባዒ፣ ተቀባዒ፣ ቅብዕ ነው አሉ፤ ቅባቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ኋላ በቅባት የጸጋ ልጅ ሆነ የሚሉ ጸጋዎች ተጨመሩ። ቅባት በጎጃም፣ በተለይም በደብረ ወርቅ አካባቢ ጸና። ከዚያ እንደገና ያው መንገድ ተጀመረ። በቀዳማዊ ዮሐንስ ጉባኤዎች ቅባቶች ተወገዙ፤ አጼ ቴዎፍሎስ የጎጃምን ድጋፍ ሲፈልግ በ1708 ወደ እነርሱ አዘነበለ፤ በ1720 ግድም በአጼ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ጉባኤው ለቅባት ሲፈርድ ንጉሡ ወታደር ልኮ የተቃወሙትን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አስፈጀ። እዚህ ላይ የተገደሉት ተዋሕዶዎች ናቸው፣ ተጠቃሚዎቹ ቅባቶች። በ1878 ደግሞ በቦሩ ሜዳ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ከተዋሕዶ ውጭ ያለውን ሁሉ ከለከለ፤ ያው ጉባኤ የወሎን እስላሞች ተጠመቁ ወደሚለው ትእዛዝ ተሸጋገረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቅባቶችን የተከተላቸው ክስ የአልፎንሱ ሜንዴዝ ትራፊ ናችሁ የሚል ነው። ዛሬም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ይሰማል፤ በሠርግና በቀብር ላይ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል። ክሱን በማስረጃ እንመዝነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ ብላ አስተምራ አታውቅም፤ የእርሷ ትምህርት ሁለት ባሕርይ ነው፣ ቅባቶች ደግሞ አንድ ባሕርይ ባዮች ናቸው። ጥያቄው ከጀስዊቶች ተነሳ ማለትና መልሱ የእነርሱ ነው ማለት አንድ አይደለም። ሜንዴዝ በደንቀዝ የከለከላቸውንም ተመልከቱ፤ ቅዳሜን፣ ግዝረትን፣ የአባቶችን ክህነትና የቀድሞውን ቅዳሴ። የደብረ ወርቅ ሰዎች የአልፎንሱ ልጆች እየተባሉ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አራቱንም አልለቀቁም።